ጥላሸት የቀባሁት ብር

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ልጆቼ አያውቁትም፤ ነፍስ አባቴም አያውቁትም። በየጾሙ እሳቸው ዘንድ እሄዳለሁ። ጾም ገደፍኩ እላለሁ፣ ሰው አማሁ እላለሁ፣ በንዴት ተሳደብኩ እላለሁ። እሳቸው ስግደት ያዝዙኛል፣ እኔ እሰግዳለሁ፣ ወገቤን ይዤ እነሳለሁ። ትንንሾቹን ዘርዝሬ ትልቁን ጥርሴ ሥር እንደያዝኩ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ይሄ ኑዛዜ ነው? ንገሩኝ እስቲ፣ እግዜርን ማታለል እንጂ ምኑ ነው ኑዛዜ?

አሁን ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ደክሞኛል። ጉልበቴም ወገቤም ዝሏል፤ የጨረሰኝ ግን ዝምታው ነው። ስለዚህ ለእናንተ ለማታውቁኝ ልናገር። የማታውቁኝ መሆናችሁ ይሻለኛል። የሚያውቁኝ ሰዎች ሁሉ ደግ ሰው ነው ብለው ስለሚያስቡ ይህን እያወራሁ ፊታቸውን ማየት አልችልም።

ታደለ እባላለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበርኩ። ከኮልፌ ገበያ ጀርባ እስከ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ያልገባሁበት ግቢ የለም። ውሾቹ ሳይቀሩ ያውቁኝ ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ ሰፈር የሚያናውጠው ሁሉ እኔን ሲያይ ጭራውን ቆልቶ ይተኛል። ሰውም እንደዚያው ነበር። የሰው ግቢ ሲገባና ሲወጣ የሚውል ሰው አይቶ እንዳላየ መሆንን ይማራል። ማን ከማን ተጣላ፣ ማን ምሳ ሳይሠራ ዋለ፣ ማን ጓዳ ገብታ አለቀሰች፣ አይቼ አላየሁም። በዚህ ምክንያት ሰው አመነኝ። ቁልፉን እኔ ዘንድ የሚያስቀምጥ ነበር፣ የቤቱን ካርታ የሚያስቀምጥ ነበር። አንዷማ ከባሏ ደብቃ የገዛችውን ጫማ እንኳ አስቀምጣ ታውቃለች። «ታደለ ጋ የገባ አደራ መሬት ገባ ማለት ነው» ይሉ ነበር። መሬት መግባቱስ እውነት ሆነ።

እትዬ ዘሀራ ጎረቤቴ ናቸው። የሚለየን አንድ ቆርቆሮ አጥር ነው። ኮልፌ ገበያ በርበሬና ኮረሪማ ሲሸጡ ኖረዋል፤ የእጃቸው የበርበሬ ሽታ በሳሙና አይለቅም። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል፣ ልጅ አልወለዱም። ያላቸው አንድ ወንድም ነው፣ ነስሩ። በሃያ ዓመት ይበልጡታል። በስድስት ዓመቱ ከስልጤ አምጥተው እሳቸው ናቸው ያሳደጉት፣ ያስተማሩት፣ ሲታመምም አዝለውት ክሊኒክ የሮጡት። «ወንድሜም ልጄም እሱ ነው» ይላሉ። ከእኔም ጋር ቢሆን ተራ ጎረቤታሞች አልነበርንም። ለኢድ ሲጠሩኝ ሥጋ የሌለበት ለይተው ያዘጋጁልኛል፤ እኔም ለፋሲካ ድፎ ዳቦ እልክላቸዋለሁ። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ «ታደለ ወንድሜ» ይሉኛል፤ እኔም እንደ እህቴ አያቸው ነበር። ነበር ልበል እንጂ ሌላ ምን እላለሁ!

ከአራት ዓመት በፊት እናታቸው አገር ቤት ታመሙና እትዬ ዘሀራ ሊያስታምሙ ተነሱ። ቤታቸው ደግሞ ጣሪያው ሊቀየር አናጢዎች ገብተውበት ነበር፤ ነስሩ ሥራውን ሊቆጣጠር ቀረ። በሚሄዱበት ጠዋት በአጥሩ በኩል ጠሩኝና አንዲት ቋጠሮ መዳፌ ላይ አስቀመጡ። የቀይ ሻሽ ቁራጭ ነች፣ ሦስት ጊዜ የተቋጠረች።

«ታደለ ወንድሜ፣ ይህን ያዝልኝ። ቤቱ እንደምታየው ጣሪያ የለው፣ መዝጊያ የለው፣ ሠራተኛው ይገባል ይወጣል» አሉኝ። «የእናቴ ብር ነው፣ የምኒልክ ብር። ለእኔና ለነስሩ ነው የሰጠችን። የባሰ ቀን ሲመጣ አብራችሁ ሽጡት ብላ።»

«የጠፋብኝ እንደሆነስ?» ብዬ ቀለድኩ።

«አንተ ጋ?» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው እስከ ታክሲው ድረስ ይሰማኝ ነበር።

ስለ ቋጠሮ ልንገራችሁ፤ ይህን ካላወቃችሁ ጥፋቴ በልኩ አይገባችሁም። እኛ ሰፈር የአደራ ቋጠሮ ተቀባዩ አይፈታውም። ይህ ግልጽ ነው። ግን ባለቤቱም ሲመለስለት ተቀባዩ ፊት አይፈታውም። መፍታት «እስቲ ሰርቀህ እንደሆነ ልይ» ማለት ነውና ነውር ነው። እጁ ላይ መዘን ያደርገዋል፣ ያመሰግናል፣ ብብቱ ሥር ይከተዋል፣ በቃ። እትዬ ዘሀራ በዚህ ነገር ከሁሉም ይብሳሉ። ቤታቸው ገብተውም አይፈቱትም። «አደራን መፈተሽ ሰውን መፈተሽ ነው» ይላሉ። እኔ የበደልኳቸው በዚህ ጨዋነታቸው በኩል ገብቼ ነው።

ፈታሁት። በስንተኛው ቀን እንደሆነ አላስታውስም፣ ሳምንት ግን አልሞላም። ጥፋቱ የስልክ ነው ልል ነበር። ልጄ በገዛችልኝ ስልክ ላይ አንድ ሰውዬ በየቀኑ እየወጣ ስለ ድሮ ሳንቲም ያወራል። የምኒልክ ብር ቤት ይገዛል ይላል። አንበሳው የትኛውን እግሩን እንዳነሳ እዩ ይላል፤ ግራውን ያነሳ ከሆነ እንዳትሸጡት፣ መጀመሪያ እኔን አማክሩኝ ይላል። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ብቻዬን ነኝ፣ ጡረተኛ ነኝ፣ ምን ሥራ አለኝ? እሱን ስሰማ እውላለሁ። ግን ስልክ ቋጠሮ አይፈታም። የፈታሁት እኔ ነኝ፣ በእነዚህ ጣቶች፣ ጠበቅ ያለውን ደግሞ በጥርሴ።

ብሩ ጠቁሯል። የአንበሳውን ጎፈርና የዳሩን ጽሑፍ ጥቁረቱ ሞልቶታል። መስኮት ጋ ወስጄ አየሁት። አንበሳው ግራ እግሩን አንስቷል። ልቤ ዘለለች።

ምን አስቤ ነበር? ለብዙ ጊዜ ለራሴ «ልጠቅማቸው ብዬ ነው» ስል ኖሬያለሁ። ዋጋውን አስጠይቄ ሲመለሱ የምሥራች ልላቸው። ውሸት! ዛሬ ልዋሽ አልተቀመጥኩም። ያሰብኩት እንዲህ ነው። ዋጋውን እኔ ብቻ ካወቅኩ፣ ሲመለሱ «እትዬ ዘሀራ፣ ይቺን ብር ለማስታወሻ ሽጡልኝ» ብዬ በትንሽ ነገር ልወስዳት ነበር። እሳቸው ደግሞ «ከወደድካትማ» ብለው ሊሰጡኝ እንደሚችሉ አውቅ ነበር። ደግነታቸውን እያወቅኩ ነው ያሰብኩት። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ታማኝ ሆኖ ኖሮ በአንድ ሳምንት እንዲህ ይሆናል? ወይስ ዕድሜዬን ሙሉ የሚያስጎመጅ ነገር አላጋጠመኝም ነበር?

ስልኩ ላይ ወዳለው ቁጥር ደወልኩ፤ ጦር ኃይሎች ና ተባልኩ። ታክሲ ይዤ ሄድኩ። አንድ ፎቅ ላይ፣ ሁለተኛው ደርብ፣ ጠባብ ክፍል ነው። አንድ ጠረጴዛ አለ፣ ከጠረጴዛው ጀርባ መጋረጃ። ያገኘሁት ሰው ስልኩ ላይ የማየው አልነበረም፣ ሌላ ነው፤ ወጣት፣ ሸሚዙ ንጹሕ የሆነ። ስሙን አልጠየቅኩትም። ፈቃድ አለህ ወይ፣ የት ተማርክ፣ ማን ያውቅሃል አላልኩትም። እኔ! መታወቂያዬን ሳላሳይ የሰው በር አልፌ የማላውቅ ሰው! ምን አሳመነኝ መሰላችሁ? ጓንቱ። ነጭ የጨርቅ ጓንት አጥልቆ ብሩን በሁለት ጣቱ ብድግ ሲያደርገው ሐኪም ቤት የገባሁ መሰለኝ። ደግሞ ለምርመራው ምንም አልጠየቀኝም። በነጻ የሚደክምልኝ የማላውቀው ሰው ሊያስፈራኝ ሲገባ ደስ አለኝ።

«አባባ፣ የማን ነው?» አለኝ።

«የእናቴ ነው» አልኩት።

ሞቼ አፈር ልሁን! ለምን እንደዚያ አልኩ? ማንም አላስገደደኝም። ከዚያ በኋላ ማንም ምን ቢያደርገኝ የትም ሄጄ እንዳልከስ አፌን የዘጋሁት ራሴ ነኝ።

በማጉያ አየው፣ ገለበጠው፣ ከንፈሩን መጠጠ። «ዓመተ ምሕረቱ አይነበብም፣ ትንሽ መታጠብ አለበት» አለኝ። የመድኃኒቱ ሽታ ለእርስዎ አይሆንም ብሎ ብሩን ይዞ መጋረጃው ጀርባ ገባ። ተቀምጬ ጠበቅኩ። ውሃ ሲንጠባጠብ ይሰማኛል። ዕድሜ ልኬን ውሃ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ስከታተል የኖርኩ ሰው ያን ጊዜ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ሲወጣ ብሩ ያብረቀርቃል። «ተራ ነው አባባ፣ በየቦታው ሞልቷል፣ ዋጋ የለውም። ለልጅ ልጅ ማስታወሻ ያድርጉት» ብሎ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። እንዴት ያለ ትሑት ልጅ ነው እያልኩ ደረጃውን ወረድኩ።

ቤቴ ደርሼ ነው ያየሁት። አንበሳው ያነሳው ቀኝ እግሩን ነው። በእጄ ሲመዘንም ቀሏል። ዋጋ የሌለውን ነገር ማን ይሰርቃል?

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። ጠፍቶ ይሆናል ብዬ ነበር፤ የት ሊሄድ፣ ተቀምጧል። ይባስ ብሎ ወንበር ሳበልኝ። የሆነውን ስነግረው አልተቆጣም። «አባባ፣ ያመጡትን ነው የወሰዱት። የእናትዎ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለዎት? ፖሊስ ልጥራ? ምን ችግር አለው፣ ይምጣና እንነጋገር» ብሎ ስልኩን አወጣ። ፖሊስ ቢመጣ የማን ነው ይለኛል። የእናቴ ነው ብል ነገ ይጣራል። የእትዬ ዘሀራ ነው ብል አንተ ጋ ምን ይሠራል፣ ለምንስ የእናቴ አልክ ይለኛል። «ተወው ልጄ» አልኩት። የዘረፈኝን ሰው «ልጄ» ብዬ ተለማመጥኩት! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ የእኔ ብብት ውስጥ የነበረው ግን የሰው አደራ ነው።

እዚህ ላይ አቁሜ ቢሆን ኖሮ ሞኝ ነበርኩ፣ ስግብግብ ነበርኩ። ይህ ይቅር ይባላል። እትዬ ዘሀራ ራሳቸው «የሰው ልጅ አይደለህ እንዴ» ብለው ያልፉት ነበር። የማይታለፈውን ያደረግኩት ከዚህ በኋላ ነው።

ብሩ እንደዚያ እያብረቀረቀ ቋጠሮ ውስጥ ሊገባ አይችልም። በማገዶ ሲጣድ ከከረመ ድስት ቂጥ ላይ ጥላሸት ፋቅኩ። በዘይት ለወስኩትና ቀባሁት። አልይዝ ሲል ደግሜ ቀባሁት። በጽሑፉ መሃል፣ በአንበሳው ጎፈር መሃል፣ በክብሪት እንጨት እየከተትኩ ቀባሁት። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ጨርሼ ወደ መስኮቱ ያዝ አድርጌ ሳየው፣ መናገሩ ነውር ቢሆንም፣ ደስ አለኝ። እንዴት አሳመርኩት አልኩ። ለነፍስ አባቴ ልነግራቸው ያልቻልኩት ይህን ደስታ ነው፤ ሌላውን ምናልባት በሆነ መንገድ እለው ይሆን ነበር። ከዚያ በቀዩ ሻሽ ጠቅልዬ ሦስት ጊዜ ቋጠርኩት።

እትዬ ዘሀራ እናታቸውን ቀብረው በሦስተኛው ወር ተመለሱ። ከስተዋል፣ ጠይመዋል። ለቅሶ ልደርስ ስሄድ ቋጠሮውንም ይዤ ሄድኩ። እናቷን ለቀበረች ሴት የእናትሽን ብር አጠፋሁ ይባላል? አይባልም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ምክንያት መቼ አጥቼ አውቃለሁ! መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩት። አልፈቱትም። ከነሻሹ ሳሙት፣ ጥላሸቴን ሳሙት። «አላህ ይስጥህ ታደለ ወንድሜ፣ አደራ ጠባቂ እንደ አንተ ነው» ብለው ሣጥናቸው ውስጥ ከተቱት።

ዓመት ሊሞላ ሲል ነስሩ የሚሠራበት እንጨት ቤት ተዘጋ። ሥራ ፈትቶ ማዞሪያው ላይ ሲቆም ማየት እህቱን አንገበገባቸው። አንድ ጠዋት ጠሩኝ። «እናቴ የባሰ ቀን ብላለች። ወንድሜ መንገድ ላይ ቆሞ ከመዋሉ የባሰ ቀን እኔ አላውቅም። ልሽጠውና ለባጃጅ መነሻ ይሁነው። እሱ አልሰማም፣ ድንገት ላስደስተው ነው። አንተ አብረኸኝ ሂድ፤ የእናት ዕቃ ያለ ምስክር አይሸጥም» አሉኝ። አሞኛል ማለት እችል ነበር። ለቀስተኛ ነኝ ማለት እችል ነበር። ተከትያቸው ሄድኩ። ማን ያውቃል፣ ምናልባት አይታወቅ ይሆናል እያልኩ ሄድኩ።

የገባነው እዚያው ኮልፌ አንድ ብር ሠሪ ሱቅ ነው። ባለሱቁ ሽማግሌ ነው፣ እትዬ ዘሀራን ያከብራቸዋል። ቋጠሮው ከእኔ እጅ ከወጣ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈታው እዚያ ነው። ሰውዬው ብሩን ድንጋይ ላይ ጣል አድርጎ ድምፁን አዳመጠ፤ ፊቱ ተለወጠ። ቀጥሎ በነጭ ጨርቅ አሸት አሸት አደረገው። ጨርቁ ጠቆረ። ጨርቁን ዘርግቶ አሳየን።

«እትዬ፣ ይሄ ነሐስ ነው፣ ላዩን ብር የነካካው። ጥቁሩም የዕድሜ አይደለም፣ ጥላሸት ነው። ሰው አስቦበት ነው የቀባው» አለ።

እትዬ ዘሀራ ጨርቁን ትኩር ብለው አዩት። እኔም አየሁት። የሚያስፈልገኝ ሁለት ቃል ነበር፤ እኔ ነኝ ማለት። ሁለት ቃል! ሰውዬው አዝኖልን ወንበር አቀረበልን፣ ውሃ ሰጠን። ጠጣሁ።

ከሱቁ ወጥተን ጥቂት እንደተራመድን ቆሙ። «ያ ረቢ» አሉ። «ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እሱ ነን።» ስም አልጠሩም። ነስሩ ከዚያ በፊት ብሩን እንሽጠው ብሎ ነዝንዟቸው ያውቃል፤ ሣጥኑ የት እንደሚቀመጥም ያውቃል። እኔን ግን ለደቂቃ እንኳ አልጠረጠሩኝም። ታደለ ቋጠሮ ይፈታል እንዴ? እንኳን ሊጠረጥሩኝ፣ ሐሳቡ ቢመጣባቸው ራሳቸው አፍረው ያባርሩት ነበር።

እኔስ ምን አልኩ? ዝም ብዬ ቢሆን ይሻል ነበር። «እትዬ ዘሀራ፣ ልጅዎ ነው፣ ሥራ መፍታት ሰውን ምን የማያደርገው አለ፣ ይቅር ይበሉት» አልኩ።

ይህን ቃል እስቲ እዩልኝ። ሲሰሙት የደግ ሽማግሌ ምልጃ ይመስላል። እሳቸው ገና በጥርጣሬ መሃል ቆመው ነበር፤ ምናልባት ሌላ ነገር ያስቡ ነበር፣ ምናልባት ለቅሶ ሊደርስ ቤታቸው የገባውን የወጣውን ሰው ያስቡ ነበር። እኔ ነኝ የፈረድኩበት። ምሕረት እየለመንኩለት ፈረድኩበት። ከሁሉም ነገር፣ ከጥላሸቱም በላይ፣ የሚከነክነኝ ይህ ነው።

ከሰዓት በኋላ በቆርቆሮው ማዶ ሰማኋቸው። ነስሩ «ወላሂ አልነካሁም!» ይላል። እሳቸው «አትማል! በእናትህ ብር አትማል!» ይላሉ። ድምፃቸው እንደዚያ ሲሰበር ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ «ታደለ እንኳ አውቆብሃል! ይቅር ይበሉት ብሎ የለመነኝ እሱ ነው!» አሉት። ስሜን ለማስረጃ ጠሩት። ነስሩ ልብሱን በአንድ ሻንጣ ይዞ ወጣ። ደጄ ላይ ቆሜ ነበርና «ደህና ይሁኑ ጋሽ ታደለ፣ ስለለመኑልኝ አመሰግናለሁ» አለኝ። በምፀት አልነበረም። እሱ እንደዚያ ያለ ልጅ አይደለም።

ሦስት ዓመት ተለያዩ። አሸዋ ሜዳ ቤት ተከራይቶ የቀን ሥራ እየሠራ ይኖር ነበር። በመጀመሪያው ኢድ ብርቱካን በፌስታል ይዞ መጣ። አንኳኳ። እህቱ ከውስጥ ድምፁን ሰምተው በሩን አልከፈቱም። እኔ በመስኮት ሳይ ነበር። ቆመ፣ ቆመ፣ ፌስታሉን የበሩ እጀታ ላይ አንጠልጥሎ ሄደ። ተከትዬው መሮጥ እችል ነበር፤ ያን ጊዜ ጉልበቴ ገና ደህና ነበር። በሚቀጥለው ኢድ አልመጣም። እትዬ ዘሀራ ለእኔ ሥጋ የሌለበትን ምግብ እንደ ልማዳቸው ለይተው አቀረቡልኝ፤ ለእሱ ይቀርብ የነበረው ሳህን ግን ጠረጴዛው ላይ አልወጣም። በላሁ። በየዓመቱ በላሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ጋ እያደረ ጨለመ።

ዘንድሮ የእትዬ ዘሀራ የቆየ የስኳር በሽታ ባሰና ዓይናቸውን ያዘው። ጥላ ጥላ ነው የሚታየኝ ይላሉ። ያኔ «ነስሩን አምጡልኝ» አሉ። የሰፈራችን ትልቅ ሰው ሐጂ ሸምጋይ ሆኑ፤ ሁለተኛው ሸምጋይ እኔ ነኝ። የመረጡኝ እትዬ ዘሀራ ናቸው፣ «መጀመሪያም ይቅር ይበሉት ያለኝ ታደለ ነው» ብለው። እምቢ ማለት አልችልም ነበር? አላልኩም። ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ።

ነስሩ መጥቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ፀጉሩ ሸብቷል፣ እጁ ሻክሯል። ሐጂ እንዲህ አሉት፤ «ልጄ፣ ሽምግልና ፍርድ ቤት አይደለም። ማን ምን አደረገ ብለን አንቆፍርም። አንተ ታናሽ ነህ። ጥፋቴ ነው በልና ጉልበቷን ሳም፣ ነገሩ ይለቅ።» ይህ የእኛ ደንብ ነው። እኔም በስንቱ ሽምግልና ላይ ስንቱን እንደዚህ ብዬ አስጎንብሻለሁ። የምንፈልገው በዳዩን አይደለም፣ ቶሎ ጎንበስ የሚለውን ነው።

ነስሩ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። እምቢ በል እያልኩ በልቤ ለመንኩት፤ እምቢ ካለ እኔ የምናገር መስሎኝ። ከዚያ ቀና ብሎ እህቱን አያቸው። እሳቸው ዓይናቸው ስለማያይ ድምፁ ይመጣበታል ወዳሉት ጎን ዞረው ይጠብቃሉ፤ የዞሩት ግን እሱ ወዳለበት አልነበረም። ይህን ሲያይ ተነሳ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ብሩን የሸጥኩት እኔ ነኝ። ጥላሸቱንም የቀባሁት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

ጥላሸቱንም! ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። እትዬ ዘሀራ ጭንቅላቱን በሁለት እጃቸው ይዘው «አንዴ እንዲህ ብትለኝ ኖሮ! አንዴ ብትለኝ ኖሮ!» እያሉ አለቀሱ። ሐጂም አለቀሱ። ከዚያ እትዬ ዘሀራ እኔ ወዳለሁበት እጃቸውን ዘርግተው «ታደለ ወንድሜ፣ ወንድሜን የመለስክልኝ አንተ ነህ፣ ውለታህን አላህ ይክፈልህ» አሉኝ። አሜን አልኩ። ሌላ ምንም ሳልል፣ አሜን አልኩ።

ለምን አሁን አትነግራቸውም ትሉኛላችሁ። ያማረ ምክንያት አለኝ። ታርቀዋል፣ ታመዋል፣ ወንድማቸውን በከንቱ ሦስት ዓመት እንዳባረሩ ቢያውቁ ይሞቱብኛል። ያምራል አይደል? ሐጂም ቢሰሙ ልክ ነህ ይሉኝ ይሆናል። እኔ ግን ምክንያቶቼን አውቃቸዋለሁ፣ አብሬያቸው አርጅቻለሁ። የምጠብቀው የእሳቸውን ዕድሜ አይደለም፣ ስሜን ነው።

ስንወጣ ነስሩ እስከ በሩ ሸኘኝ። ዞር ብሎ ማንም አለመስማቱን አየና «ጋሽ ታደለ፣ እርስዎን አልዋሽም» አለኝ። «እኔ አልወሰድኩም። ማን እንደወሰደውም አላውቅም። ግን ዓይኗን ሳየው አልቻልኩም። ሰው ሁሉ ሌባ ይበለኝ ግድ የለኝም፤ እርስዎ ብቻ ይመኑኝ።»

«አምንሃለሁ» አልኩት።

እውነቴን ነው። በዚህ ምድር ላይ እኔን ያህል እርግጠኛ ሆኖ ያመነው ሰው የለም። ዓይኑ እንባ ሞላ። እጄን ይዞ አመሰገነኝ፣ ደጋግሞ አመሰገነኝ።

ስለዚህ ይቅርታ አልለምንም። እትዬ ዘሀራ ያላቸውን ይቅርታ ሁሉ ላልበደላቸው ሰው ሰጥተው ጨርሰዋል፤ ከየት አምጥተው ለእኔ ይደግሙታል? እናንተም አዝናችሁ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ልትሉኝ ካሰባችሁ ተዉት፣ ቆዩ። ሌላ ምንም አታድርጉልኝ፤ ይህን ብቻ ስሙኝ። ብሩን ከቋጠሮው ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለማላውቀው ሰው አሳልፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ጥላሸቱን የቀባሁት እኔ ነኝ። ነስሩ ምንም አላደረገም።